አበልጅ ነው የተባለው ሙሽራ

የካቶሊክ ቁምስናውን ሥራ ትቼ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ከሆንኩ ገና ጥቂት ወራት ናቸው። በቆቦ ሜዳ ላይ ያሉት የመስኖ ጉድጓዶች ሥራ አያሳጡኝም። ሞተር ፈትቶ መግጠም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እያየሁና እያበላሸሁ ነው የተማርኩት። ሆኖም የሰርግ ወቅት ገብቶ በየመንደሩ ዳስ ሲተከል፣ ሙሽሮችን የያዘ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ፣ መፍቻዬን አስቀምጬ ቆሜ አያለሁ። «መምህር፣ የማን ሰርግ ነው?» ይሉኛል ገበሬዎቹ። እስካሁን መምህር ነው የሚሉኝ። የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ልቤ ይዘላል። እዚያ መኪና ላይ እስኪወጣ ድረስ ምን ያህል ነገር እንደሚጠየቅ፣ እንደሚጣራ፣ እንደሚለቀስና እንደሚሳቅ አውቃለሁና።

ሥራዬ ካቴኪስት ነበር። ሕፃናትን አስተምራለሁ፤ በሽተኛ ሲኖር አባን እጠራለሁ፤ ከሁሉም በላይ ግን በቤተክርስቲያናችን ተክሊል የሚፈጽሙ እጮኞችን አዘጋጃለሁ። ደመወዙ ትንሽ፣ ወረቀቱ ብዙ ነበር፤ ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ አልጽፍም። ስለ እጮኞቹ ግን ብጽፍ አልጠግብም። ለወራት ይመጣሉ። ትምህርት አለ፣ ጸሎት አለ፣ ከዚያ ሁለቱን ለየብቻ ማነጋገር አለ። በፈቃድሽ ነው? የገፋሽ ሰው አለ? ሌላ ሚስት ይዘሃል? ዝምድና አላችሁ? በመጨረሻ ስማቸው በሦስት እሑዶች ከቅዳሴ በኋላ ይነገራል፤ ለጋብቻው እንቅፋት የሚሆን ነገር የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲናገር ነው። ሕዝቡ ይሰማል፣ እናቶች እልል ይላሉ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ በሠራሁበት ዘመን አንድም ሰው ተነሥቶ ተናግሮ አያውቅም ነበር። እስከዚያ እሑድ ድረስ።

መጀመሪያ የተመደብኩት በዋጃ አካባቢ ባለች ትንሽ ጸሎት ቤት ነበር፤ ሥራውን የተማርኩትም እዚያ፣ ከአቦይ ኪሮስ ነው። አቦይ ኪሮስ ከዓዲግራት በኩል የመጡ ሽማግሌ ካቴኪስት ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ። እሳቸው እጮኛንም ምስክርንም ቢሮ ጠርተው ጠይቀው አያውቁም። «ሰው ወንበር ላይ ስታስቀምጠው አንተ የምትወደውን ነው የሚነግርህ» ይሉ ነበር። ሰውየው ሥራ ላይ ወዳለበት ይሄዳሉ። ሴትየዋ በቆሎ የምትፈለፍል ከሆነ አጠገቧ ቁጭ ብለው ይፈለፍላሉ። ዓይናቸውን ከእጃቸው አያነሡም። «ያን ቀን ከጠዋት ጀምረሽ ንገሪኝ» ይላሉ፤ ከዚያ ዝም ነው። ራሳቸውን አይነቀንቁም፤ «እህ» እንኳ አይሉም። ሰውየው ዋናውን ነገር ሲናገር አይዘሉበትም፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በሬው፣ ስለማይረባው ነገር ይጠይቃሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ በትዕግሥት ማጣት ጣቴን እነክስ ነበር። ሲመለሱ መንገድ ላይ ይስቁብኛል፦ «ምነው ልጄ፣ በቆሎው ጎረበጠህ?»

በኋላ ወደ ቆቦ ተዛወርኩ። መጀመሪያ የነበሩት አባ ቁጡ ነበሩ፤ ቅዳሴ ላይ ያረፈደን ሰው ከመንበሩ ሆነው በስሙ ይጠሩታል። እሳቸው ካረፉ በኋላ የመጡት አባ ገብረመድኅን ደግሞ ዝግ ያሉ፣ ሕጉን አጥርተው የሚያውቁ፣ ከመናገራቸው በፊት መነጽራቸውን የሚጠርጉ ናቸው። ትርፌና ደሳለኝ የመጡት በእሳቸው ጊዜ ነው።

ትርፌን ቆቦ ገበያ የሚውል ሁሉ ያውቃታል። ከመስኖው ሽንኩርትና ቲማቲም ተረክባ ትሸጣለች፤ ምላሷ ስለት ነው። ባሏ በሕመም ከሞተ በኋላ ልጇን ያሬድን ብቻዋን አሳድጋለች። ደሳለኝ ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው። ቅንድቡ ሁልጊዜ ዱቄት ነው፤ ከወፍጮው ጩኸት የተነሣ ለጸሎት እንኳ ይጮሃል። ለየብቻ ሳነጋግራቸው ደሳለኝ «እወዳታለሁ!» ብሎ ስለጮኸ፣ ተራዋን ውጭ የምትጠብቀው ትርፌ «ሰማንህ፤ ገበያው ሁሉ ሰማህ» ብላ መለሰችለት። እንደነሱ ያስደሰተኝ ጥንድ የለም። ትምህርት አይቀሩም፣ ይከራከሩኛል፣ ይሳሳቃሉ። ሰርጉ ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው የመጨረሻ እሑድ ተቆረጠ፤ ጾሙ ከገባ ተክሊል ስለሌለ እስከ ፋሲካ ማግስት መጠበቅ ነው። ዳሱ ተጀመረ፤ ጠላው ተጠነሰሰ።

በሦስተኛው እሑድ አባ ስማቸውን ሲያነቡ ከሴቶቹ በኩል እማማ ዘውዴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። እማማ ዘውዴ የመንደሩን ልደትና ሞት ሁሉ በቃላቸው የሚያውቁ፣ ምእመናኑ ሁሉ የሚያከብራቸው አሮጊት ናቸው።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ዝም ብዬ ኃጢአት ተሸክሜ አልሞትም። ደሳለኝ የያሬድ የክርስትና አባት ነው። ለትርፌ አበልጇ ነው። አበልጇን የምታገባ ክርስቲያን የት አገር ነው ያለችው?»

እልልታው ከአፍ ላይ ቀረ። ከኋላ አንዱ «ውነት ነው፣ አበልጅ እያልን አይደል የምንጠራው» ሲል ሰማሁ። ትርፌ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ደሳለኝ ብድግ ብሎ «እኔ…» አለና ተቀመጠ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ የተናገረው ያኔ ነው።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። በእኛ ሥርዓት አንድን ሕፃን በጥምቀት የተቀበለ ሰው የልጁን እናት ማግባት አይችልም። በአገሩ ልማድ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ጎረቤቱ ኦርቶዶክስም ቢሆን አበልጅ ማግባትን እንደ እኅት ማግባት ነው የሚያየው። በዝግጅቱ ጊዜ ይህንኑ ጠይቄያቸው ነበር። ሁለቱም የያሬድ የክርስትና አባት ታደሰ የሚባል የጎብዬ ሰው ነው ብለው መለሱልኝ። የጥምቀቱ ቀን ግን ታደሰ በወንዝ ሙላት ምክንያት ሳይደርስ ቀርቶ ሕፃኑን ደሳለኝ ተቀብሎታል። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ደሳለኝን አበልጅ ይለዋል። ባሏ ሲሞት ዱቄት ተሸክሞ የመጣው እሱ ነው፤ ለያሬድ ለበዓል ልብስ የሚገዛው እሱ ነው፤ ስሙ እንዲያ ተለጠፈበት።

ከቅዳሴ በኋላ አባ ገብረመድኅን ሁለቱን ቢሮ አስገቡና መነጽራቸውን ጠረጉ።

«ሁለት መንገድ አለ» አሉ። «ደሳለኝ ሕፃኑን የተቀበለው በታደሰ ስም፣ ስለ ታደሰ ሆኖ ከሆነ ዝምድናው የታደሰ ነው፤ እናንተን የሚያግዳችሁ የለም። በራሱ ስም ከሆነ ግን እንቅፋት ነው። እሱም ቢሆን አትፍሩ፤ ለጳጳሳችን ጽፈን ፈቃድ እንጠይቃለን። ሊፈቀድ ይችላል። ከፋሲካ በኋላ ትጋባላችሁ።»

እኔ እፎይ አልኩ። ትርፌ ግን ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«አባ፣ ፈቃድ አይጠየቅልኝ።»

«ለምን ልጄ?»

«ፈቃድ ከተጠየቀልኝ አበልጄን አግብቻለሁ ማለት ነው። ገበያ ላይ እስክሞት ድረስ አበልጇን ያገባችው ይሉኛል። የምወልደውን ልጅ የአበልጅ ጋብቻ ልጅ ይሉታል። ያላደረግኩትን ነገር ማንም ይቅር አይበለኝ። ካደረግኩት ደግሞ አላገባም፤ ይቅርብኝ።»

ወደ ደሳለኝ ዞረች። «አንተ! በማን ስም ነው የመለስከው? አስታውስ!»

ደሳለኝ ዱቄታም ቅንድቡን ጨመደደ። «ቄሱ በል ያሉኝን አልኩ። እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። ዋሽ ካልሽኝ እዋሻለሁ ትርፌ፤ አስታውስ ካልሽኝ ግን አላስታውስም።»

«እንዳትዋሽ!» ብላ ማልቀስ ጀመረች። እሱም አለቀሰ። አባ እኔን አዩኝ፤ ማየታቸው ትእዛዝ ነው።

የዚያን ዘመን የጥምቀት መዝገብ በጦርነቱ ጊዜ ከቢሮው ዕቃ ጋር ጠፍቷል። ያጠመቁት ቁጡው አባ አርፈዋል። የትርፌ ባል ሞቷል። ትርፌ ራሷ በአርባ ቀኗ ገና የመንጻት ጸሎት ስላልተደረገላት ውጭ፣ ግቢው በር ጋ ባለው መጠለያ ሥር ነበረች፤ በዝናቡ ጩኸት ከውስጥ ምንም አልሰማችም። ታደሰ በስልክ ተገኝቶ «አዎ፣ እኔን ነበር የለመኑኝ፣ ወንዙ ነው ያስቀረኝ» አለ፤ ግን እዚያ ስላልነበረ ውስጥ የተባለውን ሊመሰክር አይችልም። ከደሳለኝ ሌላ በሕይወት ካሉት መካከል ያን ቀን ቤተክርስቲያን ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ያኔ ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት ጋሽ በላይ፣ አሁን ጎብዬ ሻይ ቤት ያላቸው፣ እና እማማ ዘውዴ።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ጎብዬ ሄድኩ። ጋሽ በላይ ደጃፋቸው ላይ አገኙኝ፤ ሻይ አዘዙልኝ። እኔም ሻዩ ሳይመጣ አፈነዳሁት፦

«ጋሽ በላይ፣ ደሳለኝ ያሬድን የተቀበለው በታደሰ ስም ነበር አይደል?»

«አዎ! በታደሰ ስም ነው እንጂ!»

ደስ ብሎኝ ልዘል ምንም አልቀረኝ። «እንዴት ነበር?»

«ያው አንተ እንዳልከው ነዋ።»

«ታደሰስ?»

«ታደሰማ እዚያው ቆሞ ነበር። ሸሚዙ ነጭ ነው፣ ዛሬም ይታየኛል።»

ሻዩ መጣ፤ መጠጣት አልቻልኩም። ጋሽ በላይ ውሸታም አይደሉም፤ እኔን ሊያስደስቱ ፈልገው፣ ያቀበልኳቸውን መልሰው ሰጡኝ። ታደሰ በዚያ ቀን ወንዝ ማዶ ነበር። አሁን ምንም ቢያስታውሱ ማንም አያምናቸውም፤ ምስክሩን በአንድ ጥያቄ አበላሸሁት። ለአባ ስነግራቸው መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ። «ይኼ የሰውየው ቃል አይደለም። የራስህ ድምፅ ነው ተመልሶ የመጣው» አሉ። የቀሩት ምስክር እማማ ዘውዴ ብቻ ናቸው፤ የከሰሱትም እሳቸው።

በማግስቱ ዋጃ ሄድኩ። አቦይ ኪሮስ ጉልበታቸው ደክሞ ከቤት አይወጡም፤ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ገመድ ይገምዱ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ድምፅ ሳያወጡ ሳቁ።

«ለጋሽ በላይ ጥያቄ አልጠየቅክም፤ ስጦታ ነው የሰጠኸው።»

«ምን ላድርግ አቦይ? እማማ ዘውዴ ያው በተቃራኒው ነው የቆሙት።»

«ማን ያውቃል የት እንደቆመች? በሕዝብ ፊት የተናገረችው ስም ነው፦ አበልጅ። ቀኑን አልተናገረችም። ስሙን ተወው። ቀኑን ጠይቃት፤ ከጠዋት ጀምሮ።»

«ዋናውን ነገር ሲነግሩኝስ?»

የገመዱን ጫፍ አቀበሉኝ። «አፍህን ዝጋ። እጅህን ሥራ ስጠው።»

ዓርብ ዕለት እማማ ዘውዴ ግቢ ገባሁ። ሰይድ፣ በባጃጁ ያደረሰኝ ልጅ፣ ነገሩን ሰምቷል፤ «ወላሂ መምህር፣ እቺ ሴትዮ አንተንም አበልጅ ታደርግሃለች» ብሎ እየሳቀ ሄደ። እማማ ዘውዴ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው የማሽላ ዘር ይለቅማሉ።

«መጣህ? ልታስክደኝ መጣህ?»

«ማሽላ ልለቅም ነው እማማ።»

«ተው እባክህ! አፍህ ማር ነው።» ግን ሰፌዱን ወደ እኔ አስጠጉት። ብዙ ለቀምን። ጠጠሩን፣ የተነቀዘውን፣ ገለባውን። አንድ ጊዜ እጄን መቱኝ፦ «እሱ ደህናው ነው! ምኑን ነው የምትጥል?»

«እማማ» አልኩ ዓይኔን ሳላነሣ፣ «ያሬድ የተጠመቀ ቀን ከጠዋት እንዴት ነበር?»

«ጠዋትማ ዝናብ። አቤት ዝናብ! ማዶ ያለው ወንዝ ድምፁ ቤት ድረስ ይሰማል። የሕፃኑን ነጭ ልብስ እኔ ነኝ የያዝኩት፤ ብብቴ ሥር አድርጌ። ነጠላዬ ራሰ፣ ልብሱ ግን ጠብታ አልነካውም።»

ማሽላውን ለቀምኩ።

«ቤተክርስቲያን ስንደርስ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ቄሱ ይቆጣሉ። ታውቃቸው የለ፤ ነፍስ ይማር። የክርስትና አባቱ የታለ ይላሉ። የትርፌ ባል ወንዝ ዘጋበት ይላል። እንዴት ወንዝ ዘጋበት፣ ትናንት አይመጣም ነበር? ይላሉ። ደሳለኝ በሩ ጋ ጭቃውን እየጠረገ ቆሟል። ምንም የለበትም ምስኪን፣ ትርፌን ጭቃውን ሊያሻግር ነው የመጣው። ሰው ጠፋ ስል እኔ ነኝ ገፍቼ ያስገባሁት። አንተ ግባ ተቀበለው ብዬ፣ በዚህ እጄ።»

እጄን ማሽላው ውስጥ ቀበርኩት።

«ከዚያማ ምን አለፋህ!» ሳቅ ጀመሩ። «ሰይጣንን ሲክድ ወደ ምዕራብ መዞር አለበት አይደል? እሱ ወደ መንበሩ ዞሮ እክህደከ ሰይጣን ይላል! ለመንበሩ! ትከሻውን ይዤ አዞርኩት። ቄሱ ተናደው፣ አንተ ሰውዬ፣ ያንተ ልጅ አይደለም፣ ስለ ታደሰ ብለህ መልስ አሉት። እሱ ፈርቶ ጮኸ፦ ስለ ታደሰ! ስለ ታደሰ! ጣራው ነው የተናወጠው። እንደገና ወደ ምሥራቅ ሲያዞሩት ያንኑ ስለ ታደሰ…»

እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ።

ልጮህ ነበር። ልነሣ፣ ላቅፋቸው፣ ሮጬ ወፍጮ ቤት ልደርስ ነበር። ምላሴን ነከስኩ። የአቦይ ኪሮስ ገመድ በጣቶቼ መሀል ያለ መሰለኝ።

«ነጠላዎትስ እማማ? ደረቀ?»

«ምን ነጠላ ትለኛለህ!» አሉ ከዘራቸውን እየፈለጉ። «የተናገርኩትን አልሰማህም? ስለ ታደሰ ነው ያለው! እኔው ራሴ ሰምቼ፣ እኔው ራሴ አዙሬው… ውይ ዘውዴ! ውይ እኔ! ኋላ ሰዉ አበልጅ አበልጅ ሲለው እኔም አብሬ አልኩ፤ ስንት ዘመን ስለው ያኛው ጠፋብኝ። ተነሣ! ምን ተቀምጠህ ማሽላ ትለቅማለህ? አባ ጋ ውሰደኝ!»

ሰይድን ጠራሁት። በባጃጁ ውስጥ እማማ ዘውዴ ታሪኩን በሙሉ እንደገና ነገሩት፤ ሰይድ መሪውን እየለቀቀ አጨበጨበ። አባ ገብረመድኅን ለብቻቸው አስቀምጠው ጠየቋቸው፤ እኔን አስወጡኝ። ከውጭ ሆኜ ድምፃቸውን እሰማለሁ፦ ዝናቡ፣ ነጠላው፣ መንበሩ፣ «ስለ ታደሰ»። አንድም ቦታ አልተዛነፈም። ደሳለኝን ሲጠሩትና እማማ ዘውዴ ትከሻውን ይዘው ወደ ምዕራብ ሲያዞሩት ፊቱ በራ። «ጭቃ ነበር እግሬ ላይ» አለ፤ «እርስዎ ገፉኝ። መንበሩን አይቼ ነበር የተሳሳትኩት!» ይህንን ማንም አልነገረውም ነበር። ትርፌ ቲማቲሟን ለጎረቤት ትታ ስትሮጥ መጣች። አባ መነጽራቸውን ሳይጠርጉ ተናገሩ፦ «ፈቃድ አንጠይቅም። የሚጠየቅበት ነገር የለም።»

የዚያን እሑድ ቤተክርስቲያኑ ሞልቶ በመስኮት የሚያዩ ነበሩ። ኦርቶዶክሱም እስላሙም ጎረቤት ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ነገሩ በሳምንቱ ውስጥ እስከ ዋጃ ደርሶ ነበር። አባ ከተክሊሉ በፊት ለሕዝቡ ዘርዝረው አስረዱ፤ ማን እንደተጠየቀ፣ ምን እንደተገኘ፣ የያሬድ የክርስትና አባት ታደሰ እንጂ ደሳለኝ እንዳልሆነ። ታደሰም ከወንድ ምእመናን መሀል ቆሞ ነበር፤ ከጎብዬ ሌሊት ተነሥቶ መጥቷል። «እንግዲህ እንቅፋት የሚያውቅ አለ?» አሉ አባ። ሁሉም ዞሮ እማማ ዘውዴን አየ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ። «ጾም ሳይገባብን ይቀጥላ!»

በሳቅና በእልልታ መሀል አክሊሎቹ በራሳቸው ላይ ተደፉ። ሙሽራ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ በሹክሹክታ ነው የምትመልሰው፤ ያዘጋጀኋቸው ሁሉ እንዲያ ነበሩ። ትርፌ ቀና ብላ «አዎ፣ በፈቃዴ!» ስትል የወፍጮ ቤቱን ሰው ድምፅ በለጠችው።

ሲወጡ በረንዳው ላይ ሕዝቡ ከበባቸው። አንድ ሽማግሌ፣ ክፉ ሳያስቡ፣ ለዓመታት እንደለመደባቸው፣ እጃቸውን ወደ ደሳለኝ ዘርግተው «አበልጅ! እንኳን ደስ አለህ!» አሉ።

ትርፌ በካባዋ ውስጥ ቆመች፤ ሽማግሌውን አየች፣ ግቢውን ሁሉ አየች፤ ክንዷን በደሳለኝ ክንድ ውስጥ አስገባች።

«ባሌ ነው» አለች።